ሰባት ቁጥር የድንኳን ቦታ

የአባቷን ስም የጨመረች ዕለት መልሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መጣ።

ሐሊና ከዚያ በፊት ለዓመታት ጠይቃለች። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ድልድል ክፍል ትደውልና የራሷን፣ የባሏን የያፌትንና የልጇን የኤልዳናን ስም ታስመዘግባለች። በየዓመቱ ጥቅምት ሳያልቅ ያው ለስላሳ የሴት ድምፅ «ለዘንድሮ አልደረሳችሁም፤ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» ይላታል። ጭላዳ አምባ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚጠይቀው ሰው ከአምባው ሣር ይበዛል ይባል ነበር። በአገሩ ውስጥ ውርጭ የሚወርድበት ቦታ ሌላ አልቀረም።

ያን መስከረም ግን ያፌት ራት ላይ «አባባንም ጨምሪያቸው እንጂ» አላት። አባባ የሚላቸው አባቷን አቶ ይርሳውን ነው። ሽማግሌው ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። ብቻቸውን መኖር ስላቃታቸው ልጃቸው ቤት ገብተው ከኤልዳና ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ። የተወለዱት እዚያው አምባ ላይ፣ ጨንበራ በሚባል መንደር ነበር። ፓርኩ ሲሰፋ መንደሩ ተነሣ፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው ወደ ቆላ፣ ከቆላም ወደ ከተማ ወረዱ። ስለ አምባው ብዙ አያወሩም። ኤልዳና ግን ብርድ ምን እንደሚመስል በጠየቀቻቸው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጧታል፦ «ጠዋት ስትወጪ አፍንጫሽን የሚነክስ ነገር ነው። የሚነክስሽ ግን አይታይም።»

ሐሊና ስማቸውን ጨመረች። ድምፁ ወዲያው መልሶ ደወለ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ቤተሰባችሁ ለኅዳር ተደልድሏል። ሦስት ሌሊት፣ ሰባት ቁጥር የድንኳን ቦታ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ከሁሉም የተሻለ እይታ ያለው እሱ ነው።»

ኤልዳና አልጋ ላይ እየዘለለች ሳቀች። አቶ ይርሳው መስኮቱ ጋ ሄደው የተዘጋውን የሙቀት መከለያ ለረጅም ጊዜ አዩት።

ዝግጅቱ እንደማንኛውም ሰው ዝግጅት ነበር። ሥልጠና አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዳቸው ረጅም ምንጣፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ሄዱ። አሠልጣኙ ጫማው ድምፅ የማያሰማ ትሑት ወጣት ነው፤ የአቶ ይርሳው ተራ ሲደርስ «አባቴ፣ ይቅርታ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አላቸው። ደገሙለት። ከምርኩዝ ጋር አንዴ፣ ያለ ምርኩዝ አንዴ አስኬዳቸው። ከዚያ ሁሉም ቃል ገቡ። ቃሉን የማያውቅ የለም፤ ልጆች ገመድ ሲዘሉ እንኳ ይሉታል፦ «ከበር እስከ በር ከፍጥረት አንዱ ነኝ። አልገድልም፣ አላጥርም፣ አላነድም፤ አድኑኝም አልልም።»

ቤት ውስጥ ሽንኩርትና ቅመም ቆመ። ከመግቢያው በፊት ላሉት ሳምንታት ሳሙናና ቅባትም ክልክል ስለሆነ ፓርክ የሚገባ ቤተሰብ ከሩቅ ይታወቃል። ሰው የሰውነታቸውን ጠረን ሲያሸት ዘወር አይልም፤ ፈገግ ይላል። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ አሳንሰር ውስጥ ሲያገኛቸው «እንኳን ደረሳችሁ» ይላል። ለአቶ ይርሳው ግን ሌላ ዓይነት ሰላምታ ነበር። ሰዎች ዝቅ ብለው ትከሻቸውን ይስማሉ። አንዲት የምድር ቤት ሴትዮ ደግሞ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ሐሊና ለሽምግልናቸው የተሰጠ ክብር መሰላት፤ ደስ አላት።

ድንኳን ለመዋስ ሦስተኛ ፎቅ ፌቨን ዘንድ ወረደች። ፌቨን ባለፈው ዓመት ከባሏና ከባሏ ወንድም ከቃለአብ ጋር ሄዳ ነበር። ቃለአብ ቀርቷል። ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፤ «ሞተ» አይባልም፣ «ቀረ» ይባላል። ለቅሶም አይቀመጡም፣ ምክንያቱም ቃል የገባ ሰው ነው።

ፌቨን ድንኳኑን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አቧራውን አራገፈችው። ሁለቱም ጫፍና ጫፉን ይዘው ቀዳዳ ካለው ማየት ጀመሩ።

«የት ነበር ያረፋችሁት?» አለች ሐሊና።

«ሰባት ቁጥር።»

«እኛም ሰባት ነው የደረሰን።»

«አዎ። ሌላ የት ይሰጧችኋል።»

ሐሊና ሸራውን እንደያዘች ቆመች። «እንዴት?»

ፌቨን ቀና አላለችም። «እኛም በተደጋጋሚ ተከልክለን ነበር። ቃለአብን ስንጨምር በዚያው ቀን ተፈቀደልን። ታስታውሺው የለ፣ ዓይኑ ደክሞ ግድግዳ እየዳበሰ ነበር የሚሄደው። ጠዋት ሊሸና ከድንኳኑ ወጣ። በቃ። ሌላው የድንኳን ቦታ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ በሰላም ተመለሰ።»

ፌቨን ያኔ ቀና አለች፤ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ሐሊና፣ አታውቂም ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

«እኔኮ አውቀሽ ያደረግሽው ነው የመሰለኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የመሰለን። ማንም አልፈረደብሽም፣ በእግዚአብሔር። ማን በማን ይፈርዳል?»

«እናንተስ ስትሄዱ ታውቁ ነበር?»

ፌቨን ድንኳኑን ከሐሊና እጅ ወስዳ ማጠፍ ጀመረች። «ባሌ ያውቅ ነበር» አለች። «እኔ ላለማወቅ ስታገል ነበር።»

ያፌትን ያገኘችው በረንዳ ላይ ነው። ሙቀቱ በርዶ የፎቁ መከለያ ሁሉ የሚከፈትበት ሰዓት ስለነበር በየበረንዳው ሰው ቆሟል፤ ስለዚህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ታውቅ ነበር?»

ምን እንደምትለው አልጠየቃትም።

«ሲወራ ሰምቻለሁ» አለ። «ወሬ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ባታምንበት ለምን ጨምሪያቸው አልከኝ?»

«ኤልዳና አንድ ቀን ብርድ ታይ ብዬ ነው።»

«የጠየቅኩህን መልስልኝ።»

ያፌት የበረንዳውን ብረት በሁለት እጁ ያዘ። «አላውቅም፣ ሐሊና» አለ በመጨረሻ። «ራሴንም ጠይቄው አላውቅም።»

ጥላው ገባች፤ ድልድል ክፍል ደወለች። አባቷ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ፣ በሩም ገርበብ ብሎ ነበር። ያን ሰዓት አላስተዋለችውም።

«አቶ ይርሳው ይርሳው እንዲሰረዙ ይፈልጋሉ?» አለ ድምፁ። ማሽኑ የአባቷን ስም ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚጠራው፤ የአያቷን ስም አያውቀውም።

«አዎ።»

«እንደዚያ ከሆነ የቀሩት የቤተሰብ አባላት ወደ መደበኛው ወረፋ ይመለሳሉ።»

«ልጄን ብቻ ባስቀርስ?»

«ይቻላል። አቶ ይርሳው እስካሉ ድረስ ሌላው ሰው ቢጨመርም ቢቀነስም ችግር የለውም።»

«ለምን እሱ?»

«ዘንድሮ በሰባት ቁጥር አካባቢ አንዲት ነብር ግልገሎች ወልዳለች። ሚዳቋና ሰስ ግን ተመናምነዋል። ድልድሉ የሚሠራው በሚዛን ነው፣ ወይዘሮ ሐሊና።»

ድምፁ አልተቀየረም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው የነገራት።

«ይኼን ለሰው ትናገራላችሁ?»

«ለጠየቀን ሁሉ እንናገራለን። አብዛኞቹ የሚጠይቁን ከተመለሱ በኋላ ነው። አቶ ይርሳውን ልሰርዛቸው?»

«ሰርዥው» ልትል አፏን ስትከፍት አቶ ይርሳው ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

«ቆዪ እስቲ» አሏት። ከዚያ ፊታቸውን ድምፁ ወደሚመጣበት ጣሪያ አቅንተው፣ ለባለሥልጣን እንደሚናገር ሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይርሳው ነኝ። ብቻዬን ልምጣ ብልስ ትቀበሉኛላችሁ?»

«ደስ ይለናል፣ አቶ ይርሳው።»

«መልካም። በይ ዝጊው፣ ልጄ።»

ሐሊና ዘጋችው። «አባዬ፣ ሰምተሃል አይደል? የምትለውን ሰምተሃል?»

«ዳሌዬ እንጂ ጆሮዬ አልተሰበረም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስሚኝ። እናቴ የሞተች ጊዜ እንደ ኤልዳና ነበርኩ። ቀበርናት፤ ሰልስቷ ሳይወጣ መኪናዎቹ መጡና ጫኑን። ድንጋይ እንኳ አልተጫነባትም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያን ነገር ሳያነሣ የዋለበት ቀን የለም። እኔ ደግሞ አንድም ቀን አላነሣሁትም፣ ግን አንድም ቀን አልረሳሁትም። ነብር አለ ብለሽ ታስቀሪኛለሽ? ነብር እኔ ስወለድም ነበር።»

«ያኔ እሳት ነበራችሁ። ውሻ ነበራችሁ።»

«እውነት ነው።»

«ያኔ ሰው ይደርስላችሁ ነበር።»

«እሱም እውነት ነው» አሉ። «ግን እሄዳለሁ።»

እንዲህ ካሉ እንደማይመለሱ ታውቃለች። ትለምናቸው ጀመረች፤ ልመናው መሐል ላይ ያፌት ከበረንዳው ገብቶ በሩ ላይ መቆሙን አየች።

«ብቻቸውን አይሄዱም» አለ። ወደ ሚስቱ አላየም። «እግራቸው መሬት አይነካም። እኔ አዝላቸዋለሁ።»

ኤልዳናን ፌቨን ዘንድ ተዉአት። ልጅቷ ለሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሚሄዱበት ጠዋት ግን ወደ አያቷ ጆሮ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። አቶ ይርሳው «እሺ» አሏት። ምን እንዳለቻቸው ሐሊና አልጠየቀችም።

አውቶቡሱ መጋረጃውን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ዋለ። ከፊት ለፊታቸው አዲስ ተጋቢዎች ተቀምጠዋል፤ ሩሐማ የምትባል ሳቂታ ልጅና ባሏ ኢዮስያስ። ጫጉላቸውን ሊያሳልፉ ነው የሚሄዱት። ሩሐማ አቶ ይርሳውን ስታይ ተነሥታ የመስኮት በኩል ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ጨው የሌለው ቂጣዋን ቆርሳ ሰጠቻቸው። ጉዞው እንዳያደክማቸው ከጀርባቸው ልብስ አጥፋ አደረገችላቸው። ኢዮስያስ ሰላም ካላቸው በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይናቸውን አላየም።

«እኛ ስድስት ቁጥር ነን» አለች ሩሐማ ለሐሊና። «ከእናንተ ቀጥሎ፣ ከቋጥኙ ወዲያ ማዶ። ከናንተ ጎን በመሆናችን በጣም ነው ደስ ያለኝ።»

ሐሊና ደግነቷ ገርሟት አመሰገነቻት።

በሩ ላይ ቢላዋ፣ ባትሪ፣ ክብሪትና ምርኩዝ አስረከቡ። ምርኩዙን የወሰደው ጠባቂ «መሣሪያ ውስጥ ይመደባል፣ አባቴ» አላቸው። ያፌት ወዲያው ጎንበስ አለ፤ አቶ ይርሳው ጀርባው ላይ ወጡ። ሐሊና ሁለቱን በነጠላዋ ወገብ ለወገብ አሠረቻቸው። ጠባቂው ዝም ብሎ አያቸው። የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ እንደዚህ ያደረገ ሰው ከዚያ በፊት የገጠመው አይመስልም።

ብርዱ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ተቀበላቸው። ሐሊና መጀመሪያ የታመመች መሰላት። ቆዳዋ ሁሉ ተነሣ፣ ጥርሷ ተንገጫገጨ። ስትተነፍስ ከአፏ ጭስ ወጣ፤ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ጊዜ አባቷ ያፌት ጀርባ ላይ ሆነው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም።

«ትንፋሽሽ ነው» አሏት። «አይዞሽ፣ የራስሽ ትንፋሽ ነው።»

ድንኳኑን ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች መሐል ተከሉ። ገደሉ ከእግራቸው ሥር ይጀምርና ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ይወርዳል። በማግሥቱ ጠዋት ውርጩ በጓሳው ሣር ላይ ነጭ ሆኖ ሲያዩት፣ ሦስቱም እንደ ልጅ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ያፌት ትንሽ አንሥቶ ምላሱ ላይ አደረገ። ከዚያ ጨንበራን ፍለጋ ወጡ።

መንደሩ የለም። አቶ ይርሳው በልጃቸው ባል ትከሻ ላይ አገጫቸውን አስደግፈው «ወደ ቀኝ፣ አሁን ውረድ፣ ያውና ኮሶው» እያሉ መሩት። የኮሶው ዛፍ ቆሟል። ከዛፉ በታች የእርከን ድንጋይ ተረፍ ተረፍ ብሎ ይታያል፤ በላዩ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ሰው መጣ ብለው አልተነሡም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የነበረበትን አወቁት። የእናታቸውን መቃብር ቦታ ግን አላወቁትም። ያፌት ወዲያና ወዲህ ይዟቸው ሲዞር ረፈደ። መጨረሻ ላይ «አውርደኝ» አሉት።

«አባባ፣ እግርዎ መሬት…»

«አውርደኝ፣ ልጄ።»

አወረዳቸው፤ ነጠላው ግን እንደታሰረ ነው። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ተያይዘው ተንበረከኩ። አቶ ይርሳው ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው፣ ሐሊና ወዲያ ጫፉን ይዛላቸው፣ ጓሳው መሐል አኖሩት። «እዚህ ባትሆንም ትሰማለች» አሉ። ከዚያ ትንሽ አለቀሱ። ከሐሊና ቀድሞ ያፌት ዕንባቸውን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገላቸው።

ነብሯ የመጣችው በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ነው።

ሐሊና ናት ያየቻት። ጅብራው አጠገብ ድንጋይ ነው ያለችው ነገር ጆሮ አወጣ። አባቷ በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም። «አትጎንበሱ። ጀርባችሁን አትስጧት። አንድ ሁኑ።» ያፌት አዝሏቸው ተነሣ። ሐሊና የድንኳኑን ሸራ ከካስማው ነቅላ በላያቸው ላይ ዘረጋችው፤ ከያፌት ጎን ተጣብቃ ቆመች፤ አባቷ በሁለት እጃቸው ሸራውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያዙ። አንድ ባለ ሦስት ራስ ትልቅ እንስሳ ሆኑ። ነብሯ ስታያቸው ቆየች። ከስታለች፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ጅራቷ ጫፉ ላይ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ የሚያስፈልጋት ነገር እዚያ እንደሌለ የገባት ይመስል ፊቷን አዞረች፤ በቋጥኙ ላይ ወጥታ ወደ ማዶ ወረደች።

ማዶ ስድስት ቁጥር ነው።

ሐሊና አወቀች። ሦስቱም አወቁ። አፏን ከፈተች፤ አንድ ጩኸት፣ አንድ «ተጠንቀቁ» በቂ ነበር፤ ቋጥኙ ያን ያህል አይርቅም። ከሰው ወደ ሰው ማስጠንቀቂያ መጮህ «አድኑኝ» ከማለት እንደማይለይ ሥልጠናው ላይ ተነግሯቸዋል፤ እሷን ያቆማት ግን ደንቡ አልነበረም። ከጮኸች ነብሯ ትመለሳለች ብላ ፈራች።

«ወጣቶች ናቸው» አለ ያፌት ቀስ ብሎ። «ጤነኞች ናቸው። እነሱን ምን ብላ ትነካለች።»

«አዎ» አለች ሐሊና።

አቶ ይርሳው ሸራውን የያዘው እጃቸው ወረደ።

ሌሊቱን ሦስቱም ተቃቅፈው፣ ሽማግሌውን መሐል አድርገው አደሩ። ከማዶ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ቀጣዩም ቀን ጸጥ ያለና ብሩህ ነበር፤ ነብሯም አልታየችም። መውጫቸው ሲደርስ ያፌት አቶ ይርሳውን አዝሎ ወደ በሩ ሲወርድ ድካሙን ረስቶ ያንጎራጉር ነበር፣ ሐሊናም አብራው ልታንጎራጉር ምንም አልቀራት።

በሩ ላይ ጠባቂው ቆጠራቸው።

«ሦስት?» አለ።

«ሦስት» አለ ያፌት።

ጠባቂው እጁ ላይ ያለውን መዝገብ አየና እንደገና አያቸው። ምርኩዙን አምጥቶ ለአቶ ይርሳው በሁለት እጁ ሰጣቸው። «እንኳን በሰላም ወጣችሁ» አለ፤ አባባሉ ግን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አባባል ነበር።

ሩሐማ ብቻዋን መጣች። ሁለት ሰው የሚይዘውን የመኝታ ከረጢት ጠቅልላ አቅፋዋለች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ውርጭ እንደመታው ቅጠል ጠቁሮ ነበር። ጠባቂው «አንድ» አለ። ለእሷም «እንኳን በሰላም ወጣሽ» ማለቱን አላጓደለም። መስመሩን ጥሳ ቀጥ ብላ ወደ እነ ሐሊና መጣች።

«ሰባት ቁጥር እናንተ ነበራችሁ አይደል?» አለች።

«ነበርን» አለች ሐሊና።

«ስድስት ቁጥርን ሰው የሚለምነው ለዚህ ነው ብለው ነገሩን። ከሰባት አጠገብ ያለ ሰው አይነካም አሉን። ኢዮስያስ ሰው ለምኖ ነው ያገኘው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። የተነገራትን ነገር በትክክል ሰምታው እንደሆነ የምታጣራ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ዓይኗ ከአቶ ይርሳው ግራ እግር ላይ አረፈ፤ ቀስ ብሎም ወደ ፊታቸው ወጣ። «እርስዎ እንዴት ወጡ?»

ያፌት ሊናገር ሲል አቶ ይርሳው ክንዱን ያዙት።

«አዝለውኝ ነው የወጣሁት፣ ልጄ» አሏት። «ነብሯ መጥታ ነበር። አየችን፣ ወደናንተም ሄደች። ስትሄድ አይተናል። አልጮህንም።»

ሐሊና መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ሩሐማ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እኛም አውቶቡስ ላይ አልነገርንዎትም» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ሐሊናና ያፌት ከኋላ ተቀመጡ፤ አባቷን ለማስቀመጥ መሐላቸውን ክፍት አደረጉ። አቶ ይርሳው ግን ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ አልፈዋቸው ሄዱ። ከፊት ሩሐማ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ባዶው ወንበር ላይ የመኝታው ከረጢት አለ። አጠገቧ ቆሙ። መቀመጥ እንደሚፈልጉ አልተናገሩም። አውቶቡሱ ተነሥቶ መወዛወዝ ሲጀምር የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው ቆሙ፤ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ሊወድቁ ደረሱ። ያኔ ሩሐማ ከረጢቱን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ተቀመጡ።

«የአባቱ ስም ማን ነው?» ሲሏት ሐሊና ከኋላ ሰማች።

ሩሐማ ነገረቻቸው። አቶ ይርሳው ስሙን ከነአባቱ ደገሙት፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ማንም ፈቀደ ማንም ከለከለ ሳይሉ፣ በቀጭን የሽማግሌ ድምፅ፣ በቆላው አገር እንደሚለቀሰው አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ተሳፋሪው ዞሮ አያቸው፤ ለቀረ ሰው አይለቀስም። አንዳንዱ መጋረጃውን ያስተካክል ጀመር፣ አንዳንዱ ጫማውን ያይ ጀመር። ሩሐማ ፊቷን ከረጢቱ ውስጥ ቀበረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ያፌት የሐሊናን እጅ ፈልጎ ያዘ። አልነጠቀችውም፣ መልሳም አልጨበጠችውም። ሙቀቱ በወለሉ በኩል መምጣት ጀምሯል። አባቷ ከፊት ያለቅሳሉ፤ ነጭ ፀጉራቸው ከወንበሩ በላይ ይታያታል፣ አውቶቡሱ ሲናጥ ይናጣል፣ በሕይወት አሉ። ደረቷ ውስጥ የሞላው ነገር ሐዘን እንዲሆን ፈለገች። ደስታ ነበር። ሰው እንዳያይባት ፊቷን ወደተዘጋው መጋረጃ አዞረች፤ ከተማው እስኪደርሱም ድረስ አልመለሰችውም።